ክትትልን ከውስጥ ማየት፦ ስለ ቪአር የጥበብ ሥራዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ስለላ፣ ስለ ካሜራና ስለ ቁጥጥር የተሠራን የጥበብ ሥራ የቪአር መነጽር አድርጎ ማየት ለብዙ ሰው አዲስ ነገር ነው። ሊያዩ ያሰቡም ሆኑ አይተው ግራ ተጋብተው የወጡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እዚህ አስቀምጫለሁ። የምጠቅሳቸው ሥራዎች በአብዛኛው የታዩት አሜሪካና አውሮፓ ነው፤ ታሪካቸው ግን ከሺንጂያንግ እስከ ሶማሊያ ይደርሳል፣ የአንደኛው መንገድ ደግሞ በአርባ ምንጭ በኩል ያልፋል። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቪአር ምንድን ነው? ከተራ ፊልም በምን ይለያል?

ሁለት ትንንሽ ስክሪኖችን ከዓይን ፊት የያዘ መነጽር ጭንቅላት ላይ ይታሰራል። አንገትዎን ወደ ቀኝ ሲያዞሩ ምስሉም አብሮ ይዞራል፤ ዞር ቢሉ ከኋላዎ ያለውን ያያሉ። ሲኒማ ቤት ውስጥ ዓይንዎ የት እንደሚያርፍ የሚወስነው ዳይሬክተሩ ነው፣ እዚህ ግን ምርጫው የእርስዎ ነው።

ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው 360 ዲግሪ ፊልም ነው፤ አንድ ቦታ ሆነው ዙሪያውን ያያሉ እንጂ መራመድ አይቻልም። ሁለተኛው በኮምፒውተር የተገነባ ቦታ ነው፤ ይራመዱበታል፣ ጎንበስ ብለው ከጠረጴዛ ሥር ያያሉ፣ አንዳንዴም ዕቃ ያነሳሉ። የመጀመሪያው ስልክ ላይም ይታያል። ሁለተኛው ግን መሣሪያውን የግድ ይፈልጋል።

ስለ ክትትል ለመናገር ለምን ቪአር ተመረጠ? ዶክመንተሪ አይበቃም?

ክትትል በባሕርዩ ለዓይን አይመችም። ምሰሶ ላይ ያለች ካሜራ ወይም የሆነ ሰርቨር ውስጥ የተቀመጠ ፋይል በፎቶ ሲታዩ ምንም አይናገሩም። ዋናው ነገር ያለው በሚታየው ሰው ውስጥ ነው፤ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ስልክ ላይ ወሬ ይመርጣል፣ ጓደኛውን መጠርጠር ይጀምራል። እንግሊዛዊው ጄረሚ ቤንተም በ1791 ያሳተመው የእስር ቤት ንድፍ በዚሁ ስሌት የቆመ ነበር። ክፍሎቹ ክብ ሠርተው ይደረደራሉ፣ መሀል ላይ የጠባቂ ማማ ይቆማል። እስረኛው ጠባቂው መቼ እንደሚያየው ስለማያውቅ ሁልጊዜ እንደሚታይ ሆኖ ይኖራል።

ለኛ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። ጆሮ ጠቢ ፈርቶ በሹክሹክታ ያወራ፣ የቀበሌ ሰው ሲያልፍ ጨዋታ የቀየረ፣ ኋላም በአንድ ለአምስት አደረጃጀት ውስጥ ጎረቤቱን በጥርጣሬ ያየ ሰው ነገሩን ኖሮታል። ያልኖረበት ሰው ግን ሲነገረው «የሚደበቅ ነገር ከሌለህ ምን አስፈራህ?» ይላል። ቪአር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ያንን ሰው መሀል ላይ ያስቀምጠዋል፤ ድምፅ ከኋላው ይሰማል፣ ዞር ሲል ሌላ ነገር ያመልጠዋል፣ ሁሉን በአንዴ ማየት አይችልም። እሱን ግን ሁሉም ያየዋል።

ሌላም ነገር አለ። መነጽሩን ያደረገ ሰው በአዳራሹ ውስጥ ማን ቆሞ እንደሚመለከተው አያውቅም። እጁን ሲዘረጋ፣ ሲደነግጥ፣ አፉን ሲከፍት ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ያዩታል። ብዙ ሠሪዎች ይህን እንደ ቴክኒክ ጉዳይ ብቻ ያልፉታል። እኔ ግን የሥራው አካል ነው ብዬ አምናለሁ፤ መነጽሩን ከማድረግዎ በፊት ተራ ሲጠብቁ ሌላውን ሰው እንዴት እንደተመለከቱት ያስታውሱ።

ከየትኛው ሥራ ልጀምር?

«ሪኤጁኬትድ» ከተባለው። ዘ ኒው ዮርከር መጽሔት በ2021 ያወጣው፣ ሳም ዎልሰን ያዘጋጀው፣ 20 ደቂቃ ያህል የሚወስድ 360 ዲግሪ ፊልም ነው። በዚያው ዓመት በሳውዝ ባይ ሳውዝዌስት ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማት አግኝቷል። በሰሜን ምዕራብ ቻይና፣ በሺንጂያንግ ግዛት፣ ታቼንግ በምትባል ከተማ አንድ ካምፕ ውስጥ አብረው ታስረው የነበሩ ሦስት ሰዎች የሚያስታውሱትን ይተርካሉ። ተመልካቹ የሚቀመጠው እነሱ በገለጿቸው ክፍሎች ውስጥ ነው።

ሥራውን ከሌላው የሚለየው ሥዕሉ ነው። ሠዓሊው ማት ሁይን ሁሉንም በብሩሽ፣ በጥቁርና ነጭ ስሎታል። ግድግዳው እንደ ኮምፒውተር ጨዋታ የተወለወለ አይደለም፤ የብሩሹ ዱካ ይታያል፣ መስመሩ አንዳንድ ቦታ ይደፈርሳል፣ ሰዎቹ የሰው ትዝታ ያህል ብቻ ጎልተው ይታያሉ። ይህ የተደረገበት ምክንያት ከባድ ነው። እንዲህ ያለ ካምፕ በካሜራ የተሞላ ነው፤ የተቀረጸው ምስል በሙሉ ግን በአሳሪው እጅ ነው ያለው። ለታሳሪው የቀረው የሚያስታውሰው ብቻ ነው። እናም ፊልሙ ካሜራው ያየውን ትቶ ሰውየው ያየውን ይስላል። ስለ ክትትል ከተሠሩ ሥራዎች ውስጥ ቅርጹና ጉዳዩ እንዲህ የተገናኙበት ጥቂት ነው።

ከማየትዎ በፊት ትንሽ ዳራ ይወቁ። በ2018 የተባበሩት መንግሥታት የዘር መድልዎ ኮሚቴ ውስጥ እስከ አንድ ሚሊዮን የሚደርሱ ኡይጉሮችና ሌሎች ሙስሊሞች መታሰራቸውን የሚናገሩ ሪፖርቶች ተነሥተዋል። ቻይና ቦታዎቹ የሙያ ማሠልጠኛ ናቸው ትላለች። የተመድ የሰብአዊ መብቶች ቢሮ ኦገስት 31 ቀን 2022 ባወጣው ሪፖርት ድርጊቱ በሰብአዊነት ላይ የተፈጸመ ወንጀል ሊሆን እንደሚችል ገልጿል። ከካምፑ ውጭ ያለውን ደግሞ ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2019 አሳይቷል። ድርጅቱ ፖሊሶች የሚጠቀሙበትን የስልክ መተግበሪያ ፈትቶ ሲመረምር፣ ሰውን «አጠራጣሪ» ከሚያሰኙት ነገሮች መካከል ብዙ መብራት መጠቀም፣ ከጎረቤት ጋር አለመቀላቀል፣ በፊት ለፊት በር አዘውትሮ አለመውጣት ይገኙበታል። ዋትስአፕና ቫይበርም በአጠራጣሪ መገናኛዎች ዝርዝር ውስጥ ነበሩ። እነዚህ ሁለቱ ስልክዎ ላይ ካሉ፣ ፊልሙን ሲያዩ ይህን ልብ ይበሉ።

መነጽር የማያስፈልጋቸው ሥራዎችስ ከቪአር ጋር ይቆጠራሉ?

አስገብተው የሚይዙ እስከሆኑ ድረስ ጉዳያቸው አንድ ነው። እንዲያውም በዚህ ርዕስ ከተሠሩት ሁሉ በጣም የምወደው መነጽር የለውም።

ዶክመንተሪ ሠሪዋ ሎራ ፖይትራስ በ2013 ሆንግ ኮንግ ሄደው የአሜሪካን መንግሥት የስለላ ምሥጢር ያወጣውን ኤድዋርድ ስኖደንን ካገኙት ጋዜጠኞች አንዷ ናት። በፌብሩዋሪ 2016 ኒው ዮርክ በሚገኘው ዊትኒ ሙዚየም «አስትሮ ኖይዝ» የተባለ ኤግዚቢሽን ከፈተች። በአንደኛው ክፍል ጨለማ ውስጥ ከፍ ያለ ሰፊ መደብ አለ። ሰዉ በጀርባው ይተኛበታል። ጣሪያው ላይ የሌሊት ሰማይ ይታያል፤ የየመን፣ የሶማሊያ፣ የፓኪስታን ሰማይ፣ ማለትም የአሜሪካ ድሮኖች የሚዞሩበት። ኮከቦቹ ያምራሉ፣ ሰዉ ይዝናናል፣ አንዳንዱ ዓይኑን ይጨፍናል። ተነሥቶ ወደ ሌሎቹ ክፍሎች ይሄዳል። ወደ መጨረሻው ሲደርስ አንድ ስክሪን ያገኛል፤ በሙቀት ካሜራ የሚታዩ፣ ጨለማ ውስጥ የተጋደሙ ነጫጭ የሰው ቅርጾች። ቀስ ብሎ ይገባዋል። እሱ ራሱ ትንሽ ቀደም ብሎ የተኛበት መደብ ነው፤ ኮከብ ሲቆጥር ከላይ ሲታይ ነበር።

አርባ ምንጭ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አሜሪካ ከከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ ድሮኖች እንደምታበር በ2011 በይፋ ታውቋል፤ ሰው አልባ አውሮፕላኖቹ የሶማሊያን ሰማይ ይቃኙ ነበር። ሥራው መቆሙ የተነገረው በጃንዋሪ 2016፣ ኤግዚቢሽኑ ሊከፈት አንድ ወር ሲቀረው ነው። ለኒው ዮርክ ተመልካች የሶማሊያ ሰማይ የሩቅ አገር ሰማይ ነው፤ ለአርባ ምንጭ ሰው ግን ወደዚያ የሚሄደው ነገር በአናቱ ላይ ሲያልፍ ነበር።

እነዚህ ሥራዎች ሰውን ከማስለቀስ አልፈው የሚለውጡት ነገር አለ?

ፊልም ሠሪው ክሪስ ሚልክ በ2015 ቪአርን ሰው የሌላውን ስሜት እንዲጋራ የሚያደርግ ከሁሉ የላቀ መሣሪያ ብሎት ነበር። ከዚያ ወዲህ ይህ አባባል በየፌስቲቫሉ ሲደጋገም ኖሯል። ማስረጃ የለም ማለት አይቻልም። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ2018 ባወጣው ጥናት ቤት አልባ መሆንን በቪአር ካዩት ሰዎች 82 በመቶው ለድሆች ቤት የሚጠይቅ ፊርማ ሲፈርሙ፣ ታሪኩን በጽሑፍ ካነበቡት የፈረሙት 67 በመቶው ናቸው። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም፤ ንባቡም ግን የሚናቅ እንዳልሆነ ያሳያል።

ቢሆንም ማልቀስ ብቻውን አያረካኝም። የፊልም ሠሪውን የአሌሃንድሮ ኢኛሪቱን «ካርኔ ኢ አሬና» እንውሰድ። በ2017 በካን ፌስቲቫል በይፋ የተመረጠ የመጀመሪያው የቪአር ሥራ ነው፤ በዚያው ዓመት ልዩ ኦስካር ተሸልሟል። ተመልካች አንድ በአንድ ይገባል። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ጫማውን አውልቆ ይጠብቃል፤ ክፍሉ የአሜሪካ ድንበር ጠባቂዎች ስደተኞችን የሚያቆዩበትን ማቀዝቀዣ የመሰለ እስር ቤት ይወክላል፣ መሬቱ ላይም በረሃ ውስጥ የተገኙ የስደተኞች ጫማዎች አሉ። ከዚያ በባዶ እግሩ አሸዋ ላይ ይቆምና መነጽሩን ያደርጋል። ሌሊት ነው። ስደተኞች እየደከሙ ይመጣሉ፣ ሄሊኮፕተር ከላይ ብርሃን ይለቅባቸዋል፣ ጠባቂዎች መሣሪያ ደግነው ይጮኻሉ። በመነጽር የሚታየው ክፍል ከስድስት ደቂቃ ተኩል አይበልጥም።

ጥሩ ሥራ ነው፤ አሸዋው ብቻውን ከብዙ ንግግር ይበልጣል። አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። ተመልካቹ ወደ አንዱ ስደተኛ አካል ተጠግቶ ቢገባ፣ የሚመታ ልብ ያያል። ስደተኛው አያየውም፣ ፈቃዱንም አልተጠየቀም። ለአብዛኛው ጊዜ ተመልካቹ ማንም የማያየው፣ ሁሉን የሚያይ ነው፤ ያ ደግሞ የጠባቂው ቦታ ነው። የጠባቂዎቹ ጠመንጃ ወደ ራሱ እስኪዞር ድረስ ይህን ሳያስተውል ሊቀር ይችላል። ስለዚህ የትኛውንም ሥራ ሲያዩ «በዚህ ውስጥ እኔ የሚታየው ነኝ ወይስ የሚያየው?» ብለው ይጠይቁ። መልሱን አስቦበት የሠራ ሰው ሥራ ከሌላው በግልጽ ይለያል።

የፊት መለያ ካሜራ ጥቁር ሰዎችን አይለይም ይባላል። ስለዚህ የተሠራ አለ?

አለ። ሃይፈን ላብስ የተባለ የሴቶች ቡድን በ2017 ሰንዳንስ በተባለው የፊልም ፌስቲቫል ላይ ያቀረበው «ኒውሮስፔኩሌቲቭ አፍሮፌሚኒዝም» ነው። መነጽሩን ሲያደርጉ የጥቁር ሴቶች ፀጉር ቤት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ መስተዋቱ ውስጥ የሚያዩት ፊት የጥቁር ሴት ነው። በሹሩባው መሀል አንጎልን የሚያነቃቁ ኤሌክትሮዶች ይጎነጎናሉ። ሹሩባ ሲሠራላት እናቷ ጉልበት ሥር ተቀምጣ ያደገች ሁሉ ይህን ክፍል ታውቀዋለች፤ ምሥጢር የሚወራበት ቦታ ነው። ከቪአሩ ጋር አብረው የቀረቡ ዕቃዎችም ነበሩ፤ አንዱ ፊት ፈላጊ ኮምፒውተርን ለማደናገር ብዙ የውሸት ፊት የታተመበት ሻርፕ ነው፤ የዚህን ንድፍ የሠራው አዳም ሃርቪ ነው።

የተባለውን በተመለከተ፣ የኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲዋ ጆይ ቡኦላምዊኒ ከቲምኒት ገብሩ ጋር በ2018 ባሳተመችው ጥናት የተፈተሹት ፕሮግራሞች የቆዳ ቀለማቸው ጠቆር ያለ ሴቶችን ጾታ ሲለዩ እስከ 34.7 በመቶ ይሳሳቱ ነበር፤ ነጣ ያሉ ወንዶች ላይ የታየው ከፍተኛ ስሕተት 0.8 በመቶ ብቻ ነው። ቲምኒት አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች መሆኗን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ።

መነጽሩ ራሱ እኔን ይከታተላል?

አዎ፤ ካልተከታተለም አይሠራም። አንገትዎ ሲዞር ምስሉ እንዲዞር መሣሪያው የጭንቅላትዎንና የእጅዎን እንቅስቃሴ በየሰከንዱ ብዙ ጊዜ ይለካል። ውጭ ያሉት ካሜራዎች ክፍልዎን ይቃኛሉ። አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ በ2022 የወጣው ኩዌስት ፕሮና በ2024 የወጣው አፕል ቪዥን ፕሮ፣ ዓይንዎ የት እንዳረፈም ያውቃሉ። የስታንፎርዱ ጄረሚ ቤለንሰን በ2018 እንዳሰላው 20 ደቂቃ የቪአር ቆይታ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ የአካል እንቅስቃሴ መዝገብ ያስቀራል።

«እጄን ማንቀሳቀሴ ምን ምሥጢር አለው?» የሚል ብዙ ነው። ቁመትዎ፣ የክንድዎ ርዝመት፣ አንገትዎን የሚያዞሩበት ፍጥነት ተደማምረው እርስዎን ይናገራሉ፤ ጎረቤት ከሩቅ በአረማመዱ እንደሚለየው ማለት ነው። በ2020 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች 511 ሰዎችን 360 ዲግሪ ቪዲዮ አሳይተው፣ ከእያንዳንዱ ከአምስት ደቂቃ ያነሰ የእንቅስቃሴ መረጃ ብቻ ወስደው፣ ማን ማን እንደሆነ 95 በመቶ በትክክል ለይተዋል። በ2023 ደግሞ በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የተመራ ጥናት የአንድ የታወቀ የቪአር ጨዋታ 55,541 ተጫዋቾችን መረጃ ወስዶ፣ በ100 ሰከንድ እንቅስቃሴ 94 በመቶውን ለይቷል። ስም አልተጠየቀም፣ ፊት አልታየም።

ስለ ክትትል የሚናገር ሥራ በዚህ መሣሪያ መታየቱ ለኔ ትልቁ ጥያቄ ነው። ፌስቡክ የመነጽሩን ሠሪ ኦኩለስን በ2014 በሁለት ቢሊዮን ዶላር ሲገዛ የገዛው ስክሪን ብቻ አልነበረም። በ2020 አዲስ መነጽር የሚጠቀም ሁሉ የፌስቡክ አካውንት እንዲኖረው ግዴታ አደረገ፤ በዚህ ጉዳይ ከጀርመን ተቆጣጣሪዎች ጋር በተነሣው ውዝግብ መነጽሩ ጀርመን ውስጥ መሸጡ ቆሞ ነበር። ግዴታው የተነሣው በ2022 ነው። ይህን ጉዳይ በሥራው ውስጥ አንዲት ቃል ሳያነሣ ስለ ካሜራ የሚሰብክ ሠሪ ሲያጋጥመኝ እምነቴ ይቀንሳል። ፖይትራስን የማደንቃትም ለዚህ ነው፤ ተመልካቹን ማየቷን ለተመልካቹ ታሳየዋለች።

ታዲያ ራሴን እንዴት ልጠብቅ?

ኤግዚቢሽን ላይ ከሆኑ ስለ መሣሪያው መጨነቅ ያለበት አዘጋጁ ነው፤ እርስዎ ግን የመጠየቅ መብት አለዎት። መነጽሩ ላይ የኔ እንቅስቃሴ ወይም ድምፅ ይቀመጣል? የት? እስከ መቼ? ክፍሉ ውስጥ ካሜራ አለ? ስሜን ወይም ኢሜይሌን ለምን ትፈልጋላችሁ? እነዚህን መመለስ የማይችል አዘጋጅ ካጋጠመዎት ቅጹን ሳይሞሉ ለማየት ይጠይቁ።

ቤት ውስጥ በራስዎ መነጽር ከሆነ፣ ከማኅበራዊ ሚዲያዎ ጋር ያልተያያዘ አካውንት ይክፈቱ። የግላዊነት ቅንብሩ ውስጥ ገብተው ለኩባንያው የሚላከውን ተጨማሪ መረጃ ያጥፉ። ማይክሮፎንና የዓይን ክትትል የሚጠይቅ መተግበሪያ ሲያጋጥም ሥራው በእርግጥ ያስፈልገዋል ወይ ብለው ያስቡ፤ 360 ዲግሪ ፊልም ማይክሮፎን ምን ያደርግለታል? ለእንግዳ ሲያውሱም በእንግዳ መግቢያው ያስገቡት።

መነጽር የለኝም። ምን ማየት እችላለሁ?

360 ዲግሪ ፊልሞችን ስልክዎን እያዞሩ ማየት ይቻላል፤ «ሪኤጁኬትድ»ንም እንዲሁ። የጆሮ ማዳመጫ ያድርጉ፤ ግማሹ ነገር ድምፁ ውስጥ ነው።

ሌላው «ስፖት ዘ ሰርቬይላንስ» ነው። ይህ ከጥበብ ይልቅ ወደ ትምህርት ያደላል። ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የተባለው የዲጂታል መብት ድርጅት በ2018 ያወጣው ሲሆን በኮምፒውተር የኢንተርኔት ማሰሻም እንዲከፈት ሆኖ ነው የተሠራው። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ አንድ መንገድ ላይ ይቆማሉ። ፖሊስ አንድ ወጣት አስቁሞ ያናግራል። እርስዎ ዙሪያዎን፣ ላይና ታች እያዩ ፖሊስ የሚጠቀምባቸውን መከታተያዎች ይፈልጋሉ፤ ደረት ላይ ያለ ካሜራ፣ የመኪና ሰሌዳ አንባቢ፣ ድሮን፣ አሻራና ፊት የሚለይ የእጅ መሣሪያ፣ ምሰሶ ላይ የሚዞር ካሜራ። ከዚያ በኋላ በራስዎ ሰፈር ሲሄዱ ቀና ብለው ማየት ይጀምራሉ። አንድ ሥራ ይህን ካደረገ ለኔ ከእንባ ይበልጣል።

ይህ ድርጅት ለኛ እንግዳ አይደለም። በ2014 ሜሪላንድ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊን ወክሎ የኢትዮጵያን መንግሥት ዋሽንግተን ፍርድ ቤት የከሰሰው እሱ ነው። ከሳሹ ለደኅንነቱ ሲል ኪዳኔ በሚል ስም ነበር የቀረበው። በኢሜይል በደረሰው ሰነድ ውስጥ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም ተደብቆ ኮምፒውተሩ ላይ ከገባ በኋላ የስካይፕ ንግግሮቹንና የቤተሰቡን የኢንተርኔት አጠቃቀም ለወራት ሲቀዳ እንደነበር ክሱ ይዘረዝራል። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በማርች 2017 ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ የተፈጸመ አይደለም በሚል የውጭ መንግሥት ሊከሰስ አይችልም ብሎ ዘጋው። ሳሎኑ ውስጥ ቁጭ ብሎ የተሰለለ ሰው «የተሰለልከው እዚህ አይደለም» ተባለ። ስለ ክትትል በቪአር ምን ይሠራ ብትሉኝ መጀመሪያ የማነሣው ይህን ሳሎን ነው።

በቪአር የሠሩ ኢትዮጵያውያን አሉ?

ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ አይንስሊ ዓለም ሮብሰን «ፈረንጅ» የተባለ የቪአር ሥራዋ በ2020 ለትራይቤካ ፌስቲቫል ተመርጧል። ክሊቭላንድና አዲስ አበባ መካከል ስለተዘረጋ ማንነት ነው፤ ቦታዎቹ ከፎቶዎች ተገጣጥመው በነጠብጣብ የተሠሩ ስለሆኑ ግድግዳው ሲጠጉት ይበታተናል። ጉዳዩ ክትትል አይደለም፣ ቴክኒኩ ግን ለኛ ታሪክ ይመቻል።

ለምን ቢሉ፣ የኛም ብዙ ክፍሎች ፎቶ የላቸውም። ማዕከላዊ በ2018 ተዘግቶ ሙዚየም እንደሚሆን ተነግሯል፤ ግድግዳው ግን በውስጡ የተባለውን አይነግረንም። ውስጡን የሚያውቁት በደርግም በኢሕአዴግም ጊዜ ያለፉበት ሰዎች ናቸው፣ የደርጉ ትውልድ ደግሞ አርጅቷል። ሦስት ሰዎች አንድ ክፍልን አስታውሰው፣ አንድ ሠዓሊ በብሩሽ ስሎት፣ ድምፃቸው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ከጎን ቢሰማ ምን ዓይነት ሥራ እንደሚወጣው ይታየኛል። ይህን ሊሠራ የሚችል ወጣት ካለ አሁኑኑ መቅረጫ ይዞ ወደ አባቶችና እናቶች ዘንድ ይሂድ። መነጽሩ በኋላ ይደርሳል።

ታስሬ አውቃለሁ። ልየው ወይስ ይቅርብኝ?

ለማንም ሲሉ አይዩት። ዘ ጋርዲያን በ2016 ያወጣው፣ በአሜሪካ እስር ቤቶች ለብቻ መታሰርን የሚያሳየው «ሲክስ ባይ ናይን» ተመልካቹን ጠባብ ክፍል ውስጥ ብቻውን ያስቀምጠዋል። ታስሮ ለማያውቅ ሰው ዘጠኝ ደቂቃ ያህል የሚቆይ ትምህርት ነው። ለታሰረ ሰው ግን ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል፤ አካል ፊልም መሆኑን አይሰማም። ማየት ከፈለጉ የሚያምኑት ሰው አጠገብዎ ይቀመጥ፣ አስቀድመው በስልክ ጠፍጣፋ ስክሪን ይሞክሩት፣ ዓይን መጨፈን ብቻ ስለማይበቃ መነጽሩን እንዴት በአንድ እጅ እንደሚያወልቁ ይለማመዱ። ካልፈለጉ ደግሞ ከሌላው ሁሉ በላይ ያውቁታልና የቀረብዎት ነገር የለም።

ያዞረኛል?

ሊያዞር ይችላል፣ በተለይ እርስዎ ቆመው ምስሉ የሚሄድ ከሆነ። 360 ዲግሪ ፊልም በሚሽከረከር ወንበር ተቀምጦ ማየት ይሻላል። ማቅለሽለሽ ሲጀምር «ይለመደኛል» ብለው አይቆዩ፤ አውልቀው ይረፉ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አያድርገው።

ልጆቼን ይዤ መሄድ እችላለሁ?

ሜታ (የቀድሞው ፌስቡክ ኩባንያ) ለመነጽሮቹ ያስቀመጠውን ዝቅተኛ ዕድሜ በ2023 ከ13 ወደ 10 አውርዷል፤ ያ ግን የኩባንያው መስፈርት እንጂ የሥራው ይዘት መለኪያ አይደለም። «ሪኤጁኬትድ»፣ «ካርኔ ኢ አሬና» እና «ሲክስ ባይ ናይን» ለሕፃናት አይሆኑም። ከአሥራዎቹ ዕድሜ አጋማሽ በላይ ላለ ልጅ «ስፖት ዘ ሰርቬይላንስ» ጥሩ መነሻ ነው፤ አብራችሁ ተቀምጣችሁ እየተፈራረቃችሁ ፈልጉ። ልጆች ካሜራውን ከእናንተ ቀድመው ያገኙታል፤ ለምን እዚያ እንደተሰቀለ ግን ማስረዳት የእናንተ ድርሻ ነው።